ውሻ ይዞ ሸናንዶዋ ተራራ መውጣት፣ የሬንጀር ቲኬትና የዜግነት ማመልከቻ

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት ኖሬ በቅርቡ ወደ ውድብሪጅ ተዛውሬያለሁ። ባለፈው ኦክቶበር የቅጠሉን መቅላት ለማየት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር፣ ውሻችንንም ይዘን፣ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ወደ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ በሚወርደው መንገድ ላይ ሬንጀር (የፓርኩ ሕግ አስከባሪ) አስቁሞን «በዚህ መንገድ ውሻ አይገባም» ካለ በኋላ ቲኬት (የቅጣት ወረቀት) ጻፈልኝ። የሚከለክል ምልክት አላየንም፤ ውሻው በማሰሪያ ተይዞ ነበር፣ ማንንም አልነካም፤ በዚያው ፓርክ ሌሎች ሰዎች ውሻ ይዘው ሲሄዱም በዓይኔ አይቻለሁ። ልክፈል ወይስ ልከራከር? ከሁለት ወር በኋላ የዜግነት ማመልከቻ አስገባለሁ፤ ጓደኞቼ «ይህ እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት ነው፣ አትጻፈው» ይሉኛል። እህቴ ደግሞ ለውሻው «የስሜት ድጋፍ» ወረቀትና ሰደርያ ከኢንተርኔት እንግዛለት ትላለች።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጓደኞችዎ ምክር ከቲኬቱ ይልቅ ስላሳሰበኝ መጀመሪያ የያዙት ወረቀት ምን እንደሆነ ላስረዳዎት። ሸናንዶዋ የፌዴራል መንግሥት መሬት ስለሆነ ሬንጀሩ የጻፈልዎት የካውንቲ ወይም የከተማ ቅጣት ሳይሆን የፌዴራል የጥሰት ማስታወቂያ ነው። የተጠቀሰብዎትም በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 36 ሥር ስለ ቤት እንስሳት የተደነገገው ክፍል 2.15 ነው። ይህን ደንብ መጣስ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ቀላል የወንጀል ጥፋት ነው። ይህን የምጽፈው ላስደነግጥዎት አይደለም፤ ይህ የሕጉ ጣሪያ ነው፣ በእርስዎ ዓይነት ጉዳይ የሚጠየቀውም በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ነው። ነገር ግን «ወንጀል» የሚለው ቃል በዜግነት ማመልከቻዎ ላይ ትርጉም ስላለው ከወዲሁ ሊያውቁት ይገባል።

ውሻ ይዘው የሚሄዱ ሌሎች ሰዎችን አይቻለሁ ያሉት እውነት ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ሸናንዶዋ ውሻ በእግር መንገዶቹ ላይ እንዲገባ ከሚፈቅዱ ጥቂት ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ ካለው ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ ለውሻ የተዘጋው ከ20 ማይል አይበልጥም። ይሁን እንጂ ደንቡ ለፓርኩ የበላይ ኃላፊ አንዳንድ ቦታዎችን ለቤት እንስሳት የመዝጋት ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ከተዘጉትም መካከል የኦልድ ራግ የጫፍ መንገድ፣ ስቶኒ ማን፣ ሊምበርሎስት፣ ቤርፌንስና እርስዎ የወረዱበት ዳርክ ሆሎው ይገኛሉ። ወደ ዳርክ ሆሎው የሚወስደው መንገድ ደርሶ መልሱ 1.4 ማይል ብቻ ቢሆንም ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ በቅጠል ወቅት ሰው ከሰው ጋር እየተጋፋ በሚወርድበት እርጥብ ድንጋይ ላይ አንድ ውሻ ማሰሪያውን ሲጎትት አንድ ሽማግሌ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ውሻዎ ጨዋ መሆኑና መታሰሩ፣ ምንም እንኳ የሚያስመሰግንዎ ቢሆን፣ በተዘጋ መንገድ ላይ መገኘቱን አያስቀርም።

«ምልክት አላየንም» የሚለው መከራከሪያ የሚጠቅመው ማስታወቂያው በእርግጥ ያልተሰጠ እንደሆነ ነው። ደንቡ ክልከላው በምልክት፣ በካርታ፣ በጋዜጣ ወይም በመሳሰሉት መንገዶች ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዛል እንጂ እያንዳንዱ ጎብኚ ማንበቡን እንዲረጋገጥ አያዝም። ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝን ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ፤ ልጅዎ የውሻውን ማሰሪያ ይዛ ስትስቅ፣ ከግራ ትከሻዋ በላይ በሰያፍ መስመር የተሰረዘ የውሻ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ በግልጽ ይታያል። ይህን ፎቶ ይዘው ፍርድ ቤት ምልክት አልነበረም ብለው እንዲከራከሩ አልመክርዎትም።

በዚያው ፎቶ ላይ ሌላም ነገር አይቻለሁ። ማሰሪያው ሲሳብ የሚረዝምና ሲለቀቅ የሚጠቀለል ዓይነት ነው። ደንቡ ማሰሪያ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይላል፤ ከዚያ በላይ የተለቀቀ ማሰሪያ በተፈቀደ መንገድ ላይ እንኳ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። እንዲሁም ውሻን ከዛፍ ጋር አስሮ ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ባለቤት የሌለው መስሎ ሲዞር የተገኘ ውሻ ይያዛል፣ የማቆያው ወጪም ከባለቤቱ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ በተነገረው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልወሰደው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ልቅ ሆኖ ሰውን ወይም የዱር እንስሳን ሲያጠቃ የታየ ውሻ ደግሞ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ እስከ መገደል ይደርሳል። በሸናንዶዋ ጥቁር ድብና አጋዘን በብዛት ስላሉ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ድንጋጌ አይደለም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ የባሌ ተራራው ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሾች በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ምን ያህል እንደተጎዳ እናውቃለን፣ እኔም ውሻና የዱር አራዊት አንድ ሜዳ ላይ በተገናኙ ቁጥር የሚታወሰኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ቲኬቱን ይመልከቱ፤ «ኤ» በተባለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ፍርድ ቤት መቅረብ ግዴታዎ ነው፣ «ቢ» ላይ ከሆነ ግን ወይ የተጻፈውን ገንዘብ ከማስተናገጃ ክፍያው ጋር ይከፍላሉ ወይም በቨርጂኒያ ግዛት ምዕራባዊ ዲስትሪክት የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቀላል ጉዳዮችን በሚያይ ማጂስትሬት ዳኛ ፊት ቀርበው ይከራከራሉ። ጉዳዩ ቀላል ጥፋት ስለሆነ በዳኛ ብቻ ይታያል፣ ጁሪ አይኖርም። መክፈል ማለት የመከራከር መብትን መተው ነው። በእኔ አስተያየት ማስረጃው ከእርስዎ ጋር ስላልቆመ ክርክሩ አያዋጣም፤ ነገር ግን ማመልከቻዎን የሚያስገቡበት ጊዜ ስለተቃረበ ከመክፈልዎ በፊት ፋይልዎን በሙሉ ያየ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ሌላ ነገር ካለ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምፈራልዎት ግን ፖስታውን ነው። ሬንጀሩ አድራሻዎን የገለበጠው ከመንጃ ፈቃድዎ ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ወደ ውድብሪጅ መዛወርዎን ነግረውኛል፣ በላኩልኝ የቲኬት ቅጂ ላይ ያለው ግን የአሌክሳንድሪያው አፓርታማ ነው። ክፍያው በጊዜው ካልደረሰ የመጥሪያ ቀን የሚገልጸው ደብዳቤ የሚሄደው ወደዚያ በር ነው። መጥሪያው ደርሷል ተብሎ ሳይቀርቡ ቢቀሩ ፍርድ ቤቱ የመያዣ ትእዛዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የውሻው ጉዳይ ተረስቶ በስምዎ የወጣ የፌዴራል ማዘዣ ይቀራል፣ ይህም በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በዜግነት ቃለ መጠይቁ ዕለት ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ የቲኬቱን ቁጥር ጠቅሰው አዲሱን አድራሻዎን ቲኬቱ ላይ ለተጠቀሰው የፌዴራል ጥሰቶች ማእከላዊ ቢሮ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የላኩበትንም ማስረጃ ያስቀምጡ።

ስለ ዜግነቱ፣ የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 የሚጠይቀው ታስረው ያውቃሉ ወይ ብቻ ሳይሆን በሕግ አስከባሪ ሹም የጥሰት ማስታወቂያ ተጽፎብዎት ያውቃሉ ወይም ተከስሰው ያውቃሉ ወይ ብሎ ነው። ሬንጀር ሕግ አስከባሪ ነው፤ መልስዎም «አዎ» ነው። በአንድ የተዘጋ መንገድ ላይ ውሻ ይዞ መገኘት ብቻውን ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ አያሳጣዎትም፣ በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ። የሚያሳጣዎት በመሐላ ቃል ሲሰጡ «የለም» ማለት ነው፤ ጥቅም ለማግኘት በቃለ መጠይቅ የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል፣ የተደበቀው ነገር ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ በራሱ መልካም ጠባይን ያሳጣል። ጓደኞችዎ በቅን ልቦና እንደመከሩዎት አልጠራጠርም፣ ሆኖም አንድ ሰው ይህን ሰምቶ ለዓመታት የጠበቀውን ዜግነት በውሻ ቲኬት ምክንያት ቢያጣ እጅግ ያሳዝነኛል። ጉዳዩን ጨርሰው፣ ክፍያውንና መዝገቡ መዘጋቱን የሚያሳይ ሰነድ ይዘው፣ ከዚያ ማመልከቻውን ያስገቡ፤ የሆነውንም በሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሆነው ይጻፉት።

የእህትዎን ሐሳብ ግን ፈጽሞ አይቀበሉት። በፓርኮች ውስጥ እንደ ልዩ ሁኔታ የሚታየው ለአካል ጉዳተኛ የተወሰነ ሥራ ለመሥራት የሠለጠነ አገልጋይ ውሻ ነው፤ በመገኘቱ ብቻ የሚያጽናና ውሻ፣ ወረቀት ቢኖረውም፣ እንደማንኛውም የቤት እንስሳ ይቆጠራል። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ መግቢያ ለማግኘት ሲባል አውቆ ውሻን የአገልጋይ ውሻ አስመስሎ ሰደርያ ማልበስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለፌዴራል ሬንጀር ስለ ጉዳዩ ሐሰት መናገርማ ከቲኬቱ ጋር የማይወዳደር ከባድ ክስ ያመጣል።

ቤተሰብዎ ተራራውን እንደሚወድ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ 6 ጫማ የሆነ ተራ ማሰሪያ ይግዙ፣ በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው የመኪና መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ መግቢያ በር ላይም ለውሻ የተዘጉትን መንገዶች ዝርዝር ይጠይቁ። የሸናንዶዋን ልምድ ግን ወደ ሌላ ፓርክ ይዘው እንዳይሄዱ፤ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ባለው ግሬት ስሞኪ ተራሮች ውሻ የሚገባባቸው ሁለት አጫጭር መንገዶች ብቻ ናቸው፣ በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችን በሚያዘወትሩት የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ውሻ በየትኛውም የእግር መንገድ ላይ አይፈቀድም።