የአንባቢያን ጥያቄ፦ የስፓርታን መሬት ማን ያርስ ነበር?

ሰሞኑን ከወሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ጥንቷ የግሪክ ከተማ ስለ ስፓርታ ሆኗል። የተለመደው የፊልም ጣጣ ነው መሰለኝ። የተሻሉትን መርጠን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረት ያልተባለበት ዓመት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ፊልሙን በአማርኛ ትርጉም አይተን ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጨቅን። እውነት 300 ሰው ብቻውን ነው የፋርስን ጦር የገጠመው? ደካማ ሕፃን ሲወለድስ ገደል ይጥሉ ነበር? (ከደሴ)

ብቻቸውን አልነበሩም ወንድሜ። በ480 ቴርሞፒሌ ላይ፣ ተራራና ባሕር አጣብቀው በያዙት ጠባብ መተላለፊያ የቆመው የግሪክ ጦር ከብዙ ከተሞች የተውጣጣ ብዙ ሺህ ሰው ነው። 300ዎቹ ንጉሥ ሊዮኒዳስ ከስፓርታ ይዟቸው የመጣው ናቸው። በኋላ ኤፊያልቴስ የሚባል የአገሬው ሰው ፋርሶቹን በተራራው አቋራጭ መርቶ ከጀርባ ሲያመጣባቸው ሊዮኒዳስ አብዛኛውን ጦር አሰናበተ። ያኔም ቢሆን 700 የቴስፒያ ሰዎች «አንሄድም» ብለው ቀሩ፣ እዚያው አለቁ። ቴስፒያ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእሷ 700 ሰው ማለት ቀላል ሐዘን አይደለም። ዝናውን ግን ስፓርታ ጠቅልላ ወሰደችው።

የሕፃናቱን ወሬ የጻፈው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው፣ እሱ ደግሞ የኖረው ከዚህ ጦርነት ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ። ሕፃናት ይጣሉበት ነበር በተባለው ገደል የተገኘው አጽምም የአዋቂና የወጣት እንጂ የጨቅላ አይደለም። ደግሞስ ከታወቁት የስፓርታ ነገሥታት አንዱ አጌሲላዎስ አንካሳ ነበር፤ 40 ዓመት ገደማ ነግሧል። እኔ ብሆን በዚህ ጉዳይ አልወራረድም።

ጥያቄ፦ አባቴ ጢሰኛ ነበሩ። ስፓርታዊው ሁሉ ወታደር ከሆነ ማን ያርስ ነበር? ሄሎት የሚባሉት እንደኛ አገር ጢሰኛ ናቸው? (ከወረኢሉ)

ፊልሙ የዘለለው እርስዎ የጠየቁትን ነው። ሙሉ ዜጋ የሆነ ስፓርታዊ አያርስም፣ አይነግድም፣ በእጁ ሠርቶ አይበላም። የሚያርሱለት ሄሎቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ታይጌቶስ ከሚባለው ተራራ ወዲያ ማዶ፣ ሜሴንያ በተባለው ለም አገር የሚኖሩ ግሪኮች ነበሩ፤ ስፓርታ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወግታ ነው ያስገበረቻቸው። የስፓርታው ባለቅኔ ቲርታዮስ ከምርታቸው ግማሹን ለጌቶቻቸው እንደ አህያ ተጭነው ያስገቡ እንደነበር ጽፏል። ግማሽ ማለት እንግዲህ የእኛው «እኩል» ነው፤ ሲሶና እርቦ ለከፈለ ሰው ክብደቱ ይገባዋል።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ጢሰኛ ሲመረው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ባለመሬት ዘንድ ይሄዳል፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁ መጣለት። ሄሎት ከመሬቱ ንቅንቅ አይልም። የባሰው ነገር፣ ኤፎር የሚባሉት 5 ሹማምንት በየዓመቱ ሥልጣን ሲይዙ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጃሉ። በገዛ ገበሬያቸው ላይ! ለምን ቢባል፣ ጦርነት ከታወጀ ሄሎት የገደለ ሰው የደም ዕዳ የለበትም። ክሪፕቴያ በሚባለው ሥርዓት የተመረጡ ወጣቶች ጩቤና ስንቅ ይዘው ገጠር ይገባሉ፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት ያገኙትን ሄሎት ይገድላሉ።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ የጻፈው አንድ ነገር አለ። ስፓርታውያን «በጦርነት የበለጠ ያገለገላችሁ ራሳችሁን አቅርቡ፣ ነጻ እናወጣችኋለን» ብለው አስነገሩ። 2,000 ገደማ ተመረጡ። የአበባ ጉንጉን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ነጻ ወጣን ብለው ቤተ መቅደሶቹን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ጠፉ፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ከመነሻው ወጥመድ ነበር፤ ነጻነት ይገባኛል ብሎ ቀድሞ የሚወጣው ነገ ቀድሞ የሚያምፀውም እሱ ነው ብለው ፈርተው ነው።

ልጅ በ7 ዓመቱ ከእናቱ ተነጥሎ ሠፈር የሚገባው፣ ትልልቁ ወንድ ሁሉ ማታ ማታ በጋራ ማዕድ የሚበላው፣ ይኼ ሁሉ ድርጅት በእኔ እይታ ለፋርስ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፍርሃቱ እጓሮ ነው። በ479 ከፋርስ ጋር ፕላታያ ላይ በተደረገው ውጊያ፣ ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ ለእያንዳንዱ ስፓርታዊ 7 ሄሎት ተመድቦ ነበር፤ 5,000 ለ35,000 ማለት ነው። በ464 ገደማ የመሬት መንቀጥቀጥ ስፓርታን ሲያፈርሳት ሄሎቶቹ ጊዜ አላባከኑም፣ ተነሱ። ለዓመታትም ተዋጉ።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ? (ከኮምቦልቻ)

ከሌላው ግሪክ ይሻላሉ እህቴ። ልጃገረዶች ይሮጣሉ፣ ይታገላሉ፤ ሴት መሬት ትይዛለች። በአርስቶትል ዘመን ከአገሩ መሬት ወደ ሁለት አምስተኛው የሴቶች ነበር ይላል ራሱ፣ እየተማረረ። የንጉሥ ልጅ ኪኒስካ በ396 እና በ392 ኦሎምፒያ ላይ ፈረሶቿ በሠረገላ ውድድር አሸንፈውላታል። ግን ፈትሉንና ሽመናውን ማን ይሠራ እንደነበር አትርሺ፤ ባሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዲህ የሠለጠነ ጦር እንዴት ወደቀ? (ከወልዲያ)

ሰው አለቀበት። ለጋራ ማዕዱ በየወሩ ገብስ፣ ወይን ጠጅ፣ አይብና በለስ ማዋጣት ግዴታ ነው፤ ያቃተው ከዜግነት ይወርዳል። መሬት ጥቂት ሰዎች እጅ እየገባ ሲሄድ የሚወርደው በዛ፣ ከውጭ ሰው ደግሞ አይቀበሉም። በ480 ሄሮዶቱስ 8,000 ያላቸው ወንዶች በአርስቶትል ዘመን 1,000 አይሞሉም። በ371 ሌውክትራ ላይ የሌላዋ ግሪክ ከተማ የቴብስ ጦር መሪ ኤፓሚኖንዳስ ከ700 ስፓርታውያን 400 ገደማውን ከነንጉሣቸው ክሌኦምብሮቶስ ጣላቸው። ቀጥሎ ሜሴንያ ገብቶ ሄሎቶቹን ነጻ አወጣ። ገብሱን የሚያመርተው ከሄደ ማዕዱስ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ዝነኛው ጥቁር ሾርባቸው ምንድን ነው? (ከሐይቅ)

የአሳማ ሥጋ፣ ደምና ኮምጣጤ ነው ይባላል። አብሽር፣ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም።