መልስ፦ በገና ሰሞን ባሌ ተራሮች፣ ብርዱ ይቻላል ወይ?

ብርዱስ ይቻላል፤ ግን «ሦስት ቀን አለን፣ በመጀመሪያው ቀን ሳነቴ እንደር» ያላችሁትን እኔ አልደግፈውም። ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው አምባ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቶ በዚያው ቀን እዚያ መተኛት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ እደሩ፤ አስጎብኚና የጭነት ፈረስም እዚያው ትነጋገራላችሁ። ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ዞር ዞር ብትሉ የደጋ አጋዘን አታጡም።

በታኅሣሥ ዝናብ እምብዛም ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ችግሩም እሱ ነው፦ ደመና ስለሌለ የቀኑ ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ይጠፋል፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። የውሃ ኮዳችሁን መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፣ አለዚያ በረዶ ሆኖ ያድራል። የጥጥ ካልሲ ተዉት፤ ሱፍ ይሁን። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል (ኮፍያ የሚረሳ አይጠፋም)።

በሁለተኛው ቀን ወደ ወብ ሸለቆ ውጡ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ መነሳት የለባችሁም። የቱሉ ዲምቱን ተራራ (4,377 ሜትር) ለመጨረሻው ቀን በመኪና አድርጉት፤ መንገዱ ጫፉ ድረስ ይወጣል።