ንጋት ሳይደርስ የሚደክም የጀልባ ባትሪ፦ ከመለወጥ በፊት መለካት

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ከባለቤቴ ጋር 11 ሜትር በምትረዝም የሸራ ጀልባ ላይ እየኖርን በሐሩር ክልል ደሴቶች መካከል እንዘዋወራለን። እያንዳንዳቸው 200 አምፔር-ሰዓት የሚይዙ፣ ውሃ የሚጨመርባቸው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉን፤ ከተገዙ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። በጀልባዋ የኋላ ጫፍ ላይ 300 ዋት የሚያመነጩ ሶላር ፓኔሎች ከኤም.ፒ.ፒ.ቲ. (ከፓኔሎቹ የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል ስቦ ባትሪውን ከሚሞላ) መቆጣጠሪያ ጋር ተገጥመዋል። መቆጣጠሪያው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባትሪው ሞልቷል ይላል፤ ሆኖም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ይቆማል፣ ንጋት ላይ ስንለካም 11.6 ቮልት እናገኛለን። ሦስተኛ ባትሪ እንጨምር ወይስ ሁሉንም ወደ ሊቲየም እንለውጥ?»

ውድ ጠያቂ፣ ለጊዜው አንድም ባትሪ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በጀልባ ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያነብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሞልቷል ይላል» በሚለው ላይ ነው። በጥሩ ፀሐይ ቀን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የተተከለ 300 ዋት ፓኔል ሙቀትና ብክነት ተቀንሶለት ባትሪው ዘንድ የሚያደርሰው ከ80 እስከ 90 አምፔር-ሰዓት ቢሆን ነው። 11.6 ቮልት የሚያሳይ 400 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ደግሞ ለመሙላት ከ200 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እኩለ ቀን እንዳለፈ ሊሞላ አይችልም፤ መቆጣጠሪያው ሞልቷል የሚለው የሞላ ስለመሰለው ነው። የችግርዎ ሥር ሌሊት የሚወጣው መብዛቱ ሳይሆን ቀን የሚገባው ማነሱ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ልክ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ባትሪ መጨመር የማይሞላውን ዕቃ ማብዛት ብቻ ይሆናል።

ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ጉዳት አይደለም። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ በየቀኑ ጥቂት እየጎደለው ሲያድር በሳህኖቹ ላይ የሚቀረው የእርሳስ ሰልፌት ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፤ የጠነከረው ክፍል ኃይል መቀበሉን ይተዋል፣ የባትሪው አቅምም በዚያው መጠን ይጠባል። በሐሩር ክልል ይህ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ ሁሉ ከሙቀት ጋር ስለሚፋጠን ነው፤ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ባትሪዎችዎ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጠው ከሆነ ቦታቸውን መለወጥ ከብዙ ወጪ የሚያድን ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ መለካቱ እንለፍ። የሚያስፈልግዎ አንድ ደህና ዲጂታል መልቲሜትርና ሃይድሮሜትር (የባትሪው አሲድ ከውሃ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካ መሣሪያ) ነው። በመጀመሪያ፣ ንጋት ላይ ያገኙት 11.6 ቮልት ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ መብራት ወይም ፓምፕ ኃይል እየሳበ ሳለ የሚለካ ቮልት የባትሪውን ትክክለኛ ሁኔታ አይናገርም። ፍሪጁን ባዶ ማድረግ በሚችሉበት ቀን ማንኛውንም ጭነትና ሶላሩን አጥፍተው ባትሪው ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለኩ። ያረፈ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.7፣ ግማሽ ሲሆን ከ12.1 እስከ 12.2፣ ወደ 11.8 ሲወርድ ደግሞ ባዶ ሊሆን የቀረበ ነው። ከግማሽ በታች አዘውትሮ የሚወርድ ባትሪ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። በሃይድሮሜትር የስድስቱንም ክፍሎች አሲድ ለየብቻ ይለኩ፤ ሙሉ ባትሪ ወደ 1.265 ያሳያል፣ ነገር ግን ለሞቃት አገር የሚዘጋጁ ባትሪዎች ቀለል ባለ አሲድ ስለሚሞሉ ከቁጥሩ ይልቅ በክፍሎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ስድስቱም ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ካሉ ባትሪው የተራበ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በ0.05 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ያ ክፍል ታምሟል ማለት ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ልኬት የሚደረገው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት፣ ፓኔሎቹ ብዙ ከረንት በሚልኩበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በመቆጣጠሪያው መውጫ ብሎኖች ላይ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ወዲያው ደግሞ በባትሪው ላይ ይለኩ። የመልቲሜትሩ ጫፍ ማረፍ ያለበት በኬብሉ ማያያዣ ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው የእርሳስ ጉብታ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን ዝገት ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን ይችላልና። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ምክንያቱን አግኝተዋል። መቆጣጠሪያው የሚያየው የራሱን ብሎን ቮልት ነው፤ እዚያ 14.4 ሲደርስ ባትሪው ገና 13.8 ላይ ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያው ግን ግቡን እንደደረሰ ቆጥሮ ከረንቱን መቀነስ ይጀምራል፣ ቆየት ብሎም ወደ ፍሎት፣ ማለትም የሞላ ባትሪን በዝቅተኛ ቮልት ብቻ ወደሚጠብቅበት ደረጃ፣ ይገባል፣ «ሞልቷል» የሚለውን መብራት ያበራል።

የኬብሉ ውፍረት እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚወስን በቁጥር ላሳይዎ። መቆጣጠሪያው ከባትሪው 6 ሜትር ቢርቅ ከረንቱ በመሄጃውና በመመለሻው 12 ሜትር መዳብ ያቋርጣል። በ20 አምፔር፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ኬብል ወደ 1 ቮልት ይበላል፤ 10 ካሬ ሚሊሜትር 0.4፣ 16 ካሬ ሚሊሜትር ደግሞ 0.26 ያህል። ፓኔሉን የገጠመው ሰው «20 አምፔር ይችላል» ብሎ 4 ካሬ ሚሊሜትር ዘርግቶ ከሆነ አልዋሸም፤ ሽቦው አይቃጠልም፣ ነገር ግን ባትሪው አይሞላም። ከሁሉ የሚሻለው መቆጣጠሪያውን ራሱን ወደ ባትሪው ማቅረብ ነው፤ በኤም.ፒ.ፒ.ቲ. ከፓኔል እስከ መቆጣጠሪያ ያለው መንገድ ቮልቱ ከፍ ከረንቱም አነስ ያለ በመሆኑ ርቀትን በቀላሉ ይሸከማል። ሆኖም መቆጣጠሪያው ውሃ ከሚጨመርባቸው ባትሪዎች በላይ ወይም በአንድ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ባትሪዎቹ ሲሞሉ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል፣ የአሲዱ እንፋሎትም ኤሌክትሮኒክሱን ይበላዋል።

ኬብሉ ወፍራም ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከታየ ጥፋቱ በአንዱ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ከረንት እያለፈ፣ መልቲሜትሩን በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ወዲህና ወዲያ በማድረግ በተራ ይለኩ፦ ማያያዣ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እንደገና ማያያዣ። ጤነኛው ዜሮ ሊባል ወደሚችል ቁጥር ይጠጋል፤ የታመመው 0.2 ወይም 0.3 ያሳያል፣ በእጅ ሲነካም ሞቅ ይላል። የኬብሉን ሽፋን ጥቂት ጣት ያህል ወደ ኋላ ቢገፉት ከውጭ ጤነኛ የሚመስለው መዳብ ውስጡ ጠቁሮ፣ ጫፉም አረንጓዴ ዱቄት አውጥቶ ያገኙታል፤ የባሕር ጨው ያለበት እርጥበት በቀጫጭን ሽቦዎቹ መካከል እየሰረገ ሩቅ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን በማጽዳት አይታለሉ። ብሩህ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡት፤ ኬብሉ ሁሉ የጠቆረ ከሆነ በቲን በተለበጠ የባሕር ኬብል ይለውጡት። ጫፉን በትክክለኛ መጭመቂያ መሣሪያ ይጭመቁና ውስጡ ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ያሽጉት። ብየዳን ብቻ አምኖ መተው ግን በጀልባ ላይ አያዋጣም፤ የቲኑ ብየዳ ሽቦውን ያደነድነዋል፣ በማዕበል መንቀጥቀጥም ብየዳው ባለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

ከዚህ በኋላ የመቆጣጠሪያውን ቅንብር ይመልከቱ። የአብዞርፕሽን ቮልት፣ ማለትም ባትሪው በመጨረሻው የመሙላት ደረጃ የሚያዝበት ከፍተኛ ቮልት፣ የባትሪው አምራች በሚያዝዘው ልክ መሆን አለበት፤ ውሃ ለሚጨመርባቸው ብዙውን ጊዜ ከ14.4 እስከ 14.8 ነው። ይህ ቁጥር ለ25 ዲግሪ ሙቀት የተሰጠ በመሆኑ መቆጣጠሪያው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.03 ቮልት ያህል ይቀንሳል። በሐሩር ክልል ይህ ተንኮለኛ ነገር ያስከትላል፦ የሙቀት መለኪያው በራሱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ከሆነና መቆጣጠሪያው ፀሐይ በሚመታው ሳጥን ውስጥ እስከ 50 ዲግሪ ከሞቀ፣ ከታች በ32 ዲግሪ ያለውን ባትሪ በ13.65 ቮልት ሊሞላው ይሞክራል፤ ሊሰጠው የሚገባው ግን ወደ 14.2 ነበር። መፍትሔው በባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያ መግጠም ነው። አብዞርፕሽኑም በሰዓት ቆጠራ ብቻ እንዲያበቃ አይተዉት። ባትሪው በእርግጥ ሞላ የሚባለው በአብዞርፕሽን ቮልት ላይ እያለ የሚቀበለው ከረንት ከአቅሙ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ለእርስዎ ይህ ከ4 እስከ 8 አምፔር ነው። ፍሪጁ የሚወስደው ከረንት እንዳያሳስትዎ ይህን የሚለኩት በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ በሚገጠም ሻንት (ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት በሚለካ መሣሪያ) ነው። ገንዘብ የሚያወጡበት ነገር ከፈለጉ፣ ከባትሪ ይልቅ በዚህ ይጀምሩ።

ስለ ጥላ አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን ፓኔሎችዎ ከኋላ በመሆናቸው ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። የንግድ ነፋስ በሚነፍስባቸው ደሴቶች መልህቅ የጣለች ጀልባ ፊቷን ወደ ነፋሱ፣ ማለትም በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ፣ አዙራ ትውላለች። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ከፊት ትመጣና የምሰሶውን፣ የሸራውን አግዳሚ ዘንግና ምሰሶውን የሚወጥሩትን ገመዶች ጥላ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ በፓኔሎቹ ላይ ትጥለዋለች። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የእጅ ስፋት ያለው ጥላ ከስፋቱ ጋር የማይመጣጠን ኃይል ይሰርቃል። መልህቅ ላይ ሳሉ ዘንጉን ወደ ጎን ገፍተው በገመድ ይሰሩት፤ ምንም ወጪ ሳይኖር ጠዋቱን መልሰው ያገኛሉ።

ፍሪጁን በተመለከተ ደብዳቤዎ ሌላም ፍንጭ ይዟል። በጀልባ ላይ የሚበዙት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰሮች ከፋብሪካ የወጡበት ቅንብር ካልተለወጠ የሚያቆሙት ቮልቱ ወደ 10.4 ሲወርድ ነው። ባትሪዎ ንጋት ላይ 11.6 ካሳየ፣ ፍሪጁ በሌሊት የቆመው ባትሪውና ፍሪጁ መካከል ባለው ሽቦ ላይም ቮልት እየጠፋ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሳለ በፍሪጁ መቆጣጠሪያ ሳጥንና በባትሪው ላይ ይለኩና እንደ ላይኛው ያወዳድሩ። ኮምፕሬሰሩ ያለበት ሳጥን አየር የሚያገኝ ይሁን፤ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ የሚተነፍስ ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይሠራል። 5 አምፔር የሚወስድ ኮምፕሬሰር የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 60 አምፔር-ሰዓት ነው፤ መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑና ስልኩ ሲጨመር ፓኔሎችዎ ከሚሰጡት ጋር ይተካከላል ወይም ይበልጣል። ወገብ አካባቢ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ የመልህቅ መብራትም ቀላል ነገር አይደለም፤ 10 ዋት አምፑል በሌሊት 10 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፣ 2 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን 2 ብቻ።

ስለዚህ ኬብሉ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ጉድለት ሊቀር ይችላል። ሞተር ማስነሳት የግድ ሲሆን ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ ያስነሱ። የተራበ ባትሪ ከዲናሞው ብዙ ከረንት ይቀበላል፤ የመጨረሻው 20 በመቶ ግን ከረንት ምንም ያህል ቢኖር በዝግታ የሚገባ በመሆኑ ለረጅሙ የፀሐይ ቀን ይተውት።

ሊቲየምን አልነቅፍም፤ ሳይሞላ መዋሉ እንደ እርሳስ ባትሪ አይጎዳውም። ነገር ግን በዚሁ ኬብልና በዚሁ ቅንብር ላይ ቢገጥሙት ችግሩን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ በተጨማሪም ሳይበርድለት ሙሉ ከረንት ስለሚስብ መቆጣጠሪያ የሌለውን ዲናሞ ያቃጥላል፣ የራሱ መከላከያም በድንገት ቢያቋርጥ የዲናሞውን ዳዮዶች ይሰብራል። ከአሮጌዎቹ ጎን አዲስ የእርሳስ ባትሪ መጨመርም አይመከርም፤ አዲሱ ከደካሞቹ ጋር እየተጎተተ ያረጃል።

ሥራውን ሲጀምሩ መጀመሪያ ፓኔሎቹን ከመቆጣጠሪያው ይንቀሉ፣ ባትሪውን ከዚያ በኋላ፤ ሲመልሱ በተቃራኒው። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ መነጽር ያድርጉ። ለባትሪው ከዲስቲልድ ውሃ በቀር አይጨምሩ፤ የባሕር ውሃ ወደ ባትሪ አሲድ ከገባ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አዲሱ ኬብል ከባትሪው ፖዘቲቭ በተነሳበት አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ፊውዝ ይኑረው። ሁለቱ ባትሪዎች እኩል እንዲሠሩም ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ይውሰዱ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ፣ ባትሪው ሲሞላ ከረንቱ ወደ 8 አምፔር የወረደባቸው ጥቂት ቀናት ካለፉም በኋላ ያረፈው ቮልት ንጋት ላይ ከ12.2 በታች ከሆነ ሁለቱን ባትሪዎች ይለያዩ። እያንዳንዱን ለብቻ ሞልተው አንድ ሌሊት ያለ ጭነት ያሳርፉት፤ ቀጥሎም 10 አምፔር የሚወስድ ጭነት ሰጥተው 12.1 እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይቁጠሩ። ጤነኛው ወደ 10 ሰዓት ሊጠጋ ይገባል። ከ5 ሰዓት በፊት የሚደክም ካለ፣ ያን ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይለውጡ።