ካምቢዮውን ትቼ በመሃል ሻፍት ብሠራትስ?

ጥያቄ፦ የትንሿ ሞተር ሳይክሌ ካምቢዮ ጥርሱ ረግፎ ሞተሩም አብሮ ተበላሽቷል። ከውሃ ፓምፕ የተፈታ ባለ 6.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር አለኝ። በቀጥታ በአንድ ካቴና ወደ ኋላ ጎማ ብወስደው ይሻላል ወይስ መሃል ላይ ሻፍት ላስገባ? ስፕሮኬቶቹን (ካቴናው የሚይዛቸውን ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች) ሻፍቱ ላይ ብበይዳቸውስ?

መልስ፦ በቀጥታ መውሰዱን ይተዉት። እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅ ሙሉ ሲሰጡት በደቂቃ 3600 ዙር ገደማ ይዞራል። የጎማዎ ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 400 ዙር ይበቃዋል። ስለዚህ ዙሩ 9 ጊዜ መቀነስ አለበት። ይህን በአንድ ካቴና ልሥራው ካሉ ከ12 ጥርስ ወደ 108 ጥርስ መሄድ ነው። ያ ስፕሮኬት የ17 ኢንች ቸርኪዮ ያክላል፤ መሬት ሊልስ ምንም አይቀረው!

የመሃሉ ሻፍት ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሞተሩ 12 ጥርስ ወደ ሻፍቱ 36፣ ከሻፍቱ 14 ጥርስ ወደ ኋላ ጎማ 42። ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ዘጠኝ።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት እንምጣ። ሻፍቱ በዝግታ ስለሚዞር የመጠምዘዝ ጉልበቱ ከሞተሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ሁለተኛው ካቴና ላይ ነው። ሰው ግን ከሞተሩ የሚወጣው ፈጣኑ ካቴና ያስፈራውና ለእሱ ጠንካራውን ገዝቶ ለኋላው የተገኘውን ያስገባል። ተገላቢጦሽ ነው። ለመጀመሪያው ቁጥር 420 የሚባለው ካቴና ይበቃል፣ ለሁለተኛው ጠንከር ያለውን ቁጥር 428 ያስገቡ። ከሻፍቱ ለሚወጣው ከ12 ይልቅ 14 ጥርስ የመረጥኩትም ስፕሮኬቱ ተለቅ ሲል ካቴናው ላይ ያለው ውጥረት ስለሚቀንስ ነው። የሁለቱ ካቴናዎች የመገጣጠሚያ ርቀት እኩል 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ወርዳቸው ይለያያል፤ 420 ካቴና 428 ስፕሮኬት ላይ አይቀመጥም።

ሻፍቱን 20 ሚሊ ሜትር አድርጉልኝ ብለው ቶርኖ ቤት ያስወጡት። በሁለት በኩል ባለ ቤት ኩሽኔታ ይደግፉት። ስፕሮኬቶቹን በተቻለ መጠን ወደ ኩሽኔታው ያስጠጉ፤ ከራቁ ሻፍቱ ይጎብጣል። ቦታው ደግሞ የኋላ ሹካው ከሚታጠፍበት ፔርኖ አጠገብ ይሁን። ከዚያ ከራቀ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ካቴናው አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል፣ በመጨረሻም ይወልቃል።

ብየዳውን ለሻፍቱ መያዣ ብቻ ይጠቀሙበት። ስፕሮኬት ሲበየድ ይጣመማል፣ ጠንካራ ብረት ከሆነም ይሰነጠቃል። ይልቅ ሻፍቱ ላይ ቦይ ያስቆርጡና በሻፍቱና በስፕሮኬቱ መሃል ገብታ አብረው እንዲዞሩ የምታደርገዋን 6 ሚሊ ሜትር ብረት ይጠቀሙ። መያዣውን ሲበይዱም ኩሽኔታዎቹን ያውጡ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በውስጣቸው ካለፈ ኳሶቹን ይጎዳል።

ፍሪሲዮኑ ሞተሩ ሲፈጥን ራሱ የሚይዘው ዓይነት ይሁን። ሞተሩ ላይ እንጂ ሻፍቱ ላይ እንዳያስሩት አደራ። ብዙዎቹ መያዝ የሚጀምሩት 2000 ዙር አካባቢ ነው፤ ሻፍትዎ ግን ከ1200 አያልፍም። ዕድሜውን ሙሉ ሳይዝ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ሞተር በብዛት፣ ከሞተሩ የሚወጣውን ዘንግ ከፊት ለፊት ሲያዩት፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ካቴና አቅጣጫ አይቀይርም፤ ስለዚህ ዘንጉን ወደ ሞተር ሳይክሉ ግራ ያዙሩት። ዳገት የሚበዛበት ቦታ ከሆነ የኋላውን ወደ 48 ጥርስ ያሳድጉ፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን አይቃጠልም።

ከመንዳትዎ በፊት ሁለቱንም ካቴና በላሜራ ይሸፍኑ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው ሞተሩን ያስነሱና ካቴናዎቹ በቀጥታ መስመር መሄዳቸውን ከጎን ሆነው ይዩ፤ ከኋላ አይቁሙ። ፍሬኑንም ያድሱት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ መያዝ ከእንግዲህ የለም፤ ዙሩ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ሙሉ ክብደቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል።