መልስ፦ የቀይ ፓፓያ ዘር ለምን ቢጫ አፈራ?

ሰላም ወንድሜ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ፓፓያ ያወጣኸውን ዘር ተክለህ ፍሬው ቢጫ ሆነብኝ፣ አፈሩ ይሆን ወይ ብለሃል። አፈሩን ተወው፤ ጉዱ ያለው አባትየው ጋ ነው።

የፓፓያ ሥጋ ቀይ የሚሆነው ላይኮፒን በተባለ ቀለም ነው፤ ቲማቲምን የሚያቀላውም እሱ ነው። ቢጫው ፓፓያ ላይኮፒኑን ቤታ ካሮቲን ወደተባለ ቢጫማ ቀለም የሚቀይር ኢንዛይም አለው። በቀዩ ላይ ግን የዚህ ኢንዛይም መሥሪያ መመሪያ የሆነው ጂን ተበላሽቷል። ሁለት የዲኤንኤ ፊደላት ትርፍ ገብተውበት ንባቡ ተዛብቷል፤ ላይኮፒኑም እንዳለ ይጠራቀማል። ገበያ ላይ የምንሻማበት ቅላት የመጣው ከብልሽት ነው ማለት ነው!

አንድ ጤነኛ ጂን ካለ ቢጫው ያሸንፋል። ቀይ እንዲሆን የተበላሸው ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። የበላኸው ሥጋ የእናት ዛፏ አካል ነው፤ ዘሩ ግን ከሌላ ቢጫ ዛፍ በመጣ የአበባ ብናኝ ሳይዳቀል አልቀረም።

ለሚቀጥለው ዘር የምታወጣው ሞላላ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ይሁን። ወንዴውም ሴቴውም በአንድ አበባ ላይ ስላሉ ራሱን ማዳቀል ይችላል። ክብ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የሴቴ ዛፍ ነው፤ ዘር ለመያዝ የግድ የሌላ ዛፍ ብናኝ ይፈልጋል። እርግጠኛ መሆን ካማረህ አበባው ሳይፈነዳ በወረቀት ከረጢት ሸፍነው፤ ፍሬ ሲይዝ ታነሳዋለህ።