ከውስጥ እግር ተነስቶ አንጎል የገባው ሜላኖማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ ውስጥ እግሩ ላይ የነበረ ጥቁር ምልክት በቀዶ ጥገና ወጣለት። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባልን። ቁስሉ ድኖ ረስተነው ነበር። ሰሞኑን ራሱን ሲያመው ተመረመረና አንጎሉ ውስጥ ሁለት ቦታ ተገኘ። ዘመዶቻችን "ቢላ ባይነካው ኖሮ አይሰራጭም ነበር" ይላሉ። እንዲታከም የገፋፋሁት እኔ ስለሆንኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለመሆኑ ከእግር ተነስቶ አንጎል እንዴት ይደርሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እንጨርስ። ካንሰሩን የበተነው ቢላ አይደለም። ጥቂት ሴሎች ምልክቱ ገና በቀዶ ጥገና ሳይወጣ ሹልክ ብለው ይሄዱና ለዓመታት ሳይባዙ አድፍጠው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ የሜላኖማ የታወቀ ጠባይ ነው። ያኔ ባይወጣ ኖሮ አምልጠው የሚሄዱት ይበዙ ነበር እንጂ አይቀንሱም። ያደረግሽው ለወንድምሽ የሚበጀውን ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ሜላኖሳይት ይባላሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ከጎረቤት ሴሎች ጋር ተያይዘው፣ ቦታቸውን ይዘው ይኖራሉ። ካንሰር ሲሆኑ ይህን ማሰሪያ ይጥሉታል። ከዚያ ከሥራቸው ያለውን ስስ ሽፋን በኢንዛይም እየበሱ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ደም ስር ውስጥም ይገባሉ።

እዚያ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተረፉት በልብና በሳንባ በኩል ዞረው ከደሙ ጋር ወደ አንጎል ይገፋሉ። የአንጎል ቀጫጭን ደም ስሮች ለካንሰር ሴል ይጠቡታል፣ ስለዚህ ደም ስሩ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቀረቀራል። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች በሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ ነጠላ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ እየተከታተሉ ይህንኑ አይተዋል፦ ሴሉ መጀመሪያ ይቀረቀራል፣ ከዚያ የደም ስሩን ግድግዳ ሾልኮ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላም ከደም ስሩ አይርቅም፣ ሐረግ ዛፍ ላይ እንደሚጠመጠም በደም ስሩ ላይ ተለጥፎ ይባዛል። ከነዚህ አንዷን ያልቻለ ሴል ይሞታል።

ግድግዳውን ማለፍ ቀላል እንዳይመስልሽ። የአንጎል ደም ስር ሴሎች ክፍተት ሳይተዉ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፣ ከውጭ ደግሞ አስትሮሳይት የሚባሉት የአንጎል ሴሎች በእግራቸው ይደግፏቸዋል። ብዙ መድኃኒት እንኳ አያልፍም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንጎል የራሱ ጠባቂዎች አሉት፤ አስትሮሳይትና ማይክሮግሊያ። እንግዳ ሴል ሲገባ ሊያጠፉት ይነሳሉ። ሜላኖማ ግን ያባብላቸዋል። በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አንጎል የገቡ የሜላኖማ ሴሎች አሚሎይድ ቤታ ያመርታሉ፤ አዎ፣ ስሙ ከመርሳት በሽታው ከአልዛይመር ጋር የሚነሳው ያው ፕሮቲን። አስትሮሳይቶቹ ይህን ሲቀምሱ ቁጣቸው ይበርዳል፣ ማይክሮግሊያዎቹም ካንሰሩን መብላት ይተዋሉ። ነገሩ የዝምድናም ይመስለኛል። ሜላኖሳይቶች በፅንስ ጊዜ የሚወጡት ኒውራል ክሬስት ከሚባል ክፍል ነው፣ ነርቮችን የሚሸፍኑት ሴሎችም የሚወጡት ከዚያው ነው። አንጎል ለሜላኖማ ፈጽሞ ባዳ ቤት አይደለም።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። በ2018 ውጤቱ በታተመ አንድ ሙከራ ላይ ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ የሚባሉ፣ የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሱ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ፣ ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አንጎል ውስጥ ያለው ካንሰር ቀንሷል ወይም ጠፍቷል። የተመረጡት ሕመሙ ገና ምልክት ያላሳየባቸው ነበሩ፣ ወንድምሽ ግን ራሱን ያመዋል፣ ስለዚህ ለእሱ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። በጨረር ቦታውን ለይቶ መምታትም አለ። ደግሞ ቢራፍ (BRAF) በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቂ። ይህ የጂን ለውጥ በግማሽ ያህሉ ሜላኖማ ላይ ይገኛል፣ ከውስጥ እግር በሚነሳው ላይ ግን ያንሳል። ከተገኘ እሱን ለይተው የሚመቱ እንክብሎች አሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሜላኖማ አንጎል ውስጥ የመድማት ጠባይ አለው። ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ካስመለሰው፣ አንድ ጎኑ ከሰነፈ ወይም ንግግሩ ከተያዘ፣ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ።