«ካርታው በወንድሙ ስም ነው»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ አሥራ አንዱንም በኪራይ። ባለፈው ሰኞ የኮንትራት ማደሻው ወረቀት በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት፤ 2,350 የነበረው 2,470 ሆኗል። ባለ ሁለት መኝታ ናት፤ ትንሹ ልጄ የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ቡና ስቆላ የጭስ አላርሙ ጮኾ ጎረቤት እንዳይከሰኝ ፎጣ አስሬበታለሁ።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሰው ቤት ምርቃት ነው። ከእኔ ኋላ የመጡት ጀርመንታውንና ፍሬድሪክ ገዝተው ገቡ፤ እኔ ድፎ ዳቦ ተሸክሜ «እንኳን ደስ አላችሁ» እላለሁ። ባለቤቴን «እንግዛ» ስለው «በሁለት ዓመት አገራችን እንገባ የለ?» ይለኛል። ይሄ «ሁለት ዓመት» ልጄ ሳይወለድም ነበር። የሰው ሞርጌጅ (የቤት ዕዳ) ስንከፍል ኖርን እኮ!

ምንም የለንም ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሰሚት በኩል ቤት እያሠራን ነው፤ ከእኔ ደመወዝ በየወሩ 900 ዶላር ይላካል። እኔና ባለቤቴ ፓስፖርት ስለቀየርን ካርታው በወንድሙ ስም ነው፤ እሱ እንኳ ችግር የለውም፣ ደኅና ልጅ ነው። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሳይሰማ ያጠራቀምኳት 16,000 ዶላር አለችኝ። ሳልነግረው በስሜ ቤት ብገዛ ነውር ይሆንብኛል?

ከሜሪላንድ

*

እህቴ፣

ስለ ኪራዩ ያን ሁሉ ስትጽፊ፣ ስለ ካርታው አንድ መስመር ብቻ። እኔን ያስደነገጠችኝ ግን ያቺው መስመር ናት።

ፓስፖርት የቀየረ ሰው አገሩ ላይ ቤት በስሙ አይሆንለትም ያለሽ ማነው? ከ1994 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቢጫ ካርዱ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ቤት በስሙ ይይዛል። በዓመት 10,800 ዶላር ትልኪያለሽ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለሽበትም። ወንድምየው ደኅና ልጅ ይሁን። ደኅና ልጅም ያገባል፣ ይወልዳል፤ ክፉ አይንካውና አንድ ነገር ቢሆን ውርስ ብለው የሚመጡት ወራሾቹ ናቸው። ያኔ የሐዋላ ደረሰኝሽን ይዘሽ ፍርድ ቤት ልትመላለሺ ነው?

ወደ ምቀኝነትሽ ልምጣ (አትቆጪ፣ የድፎ ዳቦው ነገር ምቀኝነት ነው)። የ400,000 ዶላር ቤት በኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው ብድር) ብትገዢ ዳውን ፔይመንቱ፣ ማለት ቅድሚያ ክፍያው፣ 3.5 በመቶ፣ 14,000 ዶላር ነው። የምትተርፍሽ 2,000 ለክሎዚንጉ (ለውል መዝጊያው ወጪ) አትበቃም። በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትፈርሚ የወሩ ክፍያ ወደ 2,570 ይመጣል። ከመጀመሪያው ክፍያ 2,250 ያህሉ ወለድ ነው፤ ከዕዳው የሚቀነሰው 320 አይሞላም። ታክሱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤችኦኤው (የሰፈሩ ማኅበር መዋጮ) ገና ነው። ያም እንደ ኪራዩ ይቃጠላል፣ የኔ እናት! ያውም ኪራይሽ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨመር የምትኖሪበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገደብ ጥሏል፤ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ባይሠራም። አሁን አትግዢ።

በድብቅማ ፈጽሞ። ሜሪላንድ ውስጥ በትዳር ዘመን የተገዛ ቤት በማንም ስም ይሁን የትዳር ንብረት ነው፤ የምታተርፊው ጠብ ነው። ብሯን ስለማስቀመጥሽ ግን አልወቅስሽም። እናቶቻችንም መቀነታቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩ ነበር። ቋጥረሽ ያዣት።

የዚህን ወር 900 ግን አትላኪ። ባለቤትሽን አስቀምጪና «ቢጫ ካርድ እናውጣ፣ ካርታው በሁለታችን ስም ይዙር፣ ከዚያ እልካለሁ» በዪው። የስም ዝውውሩ ወጪ አለው፤ ይውጣ። «ወንድሜን ጠረጠርሽው» ብሎ ቢያኮርፍ ያኩርፍ፤ አሥራ አንድ ዓመት «ሁለት ዓመት» የተባለች ሴት የአንድ ሳምንት ኩርፊያ አያቅታትም። በእውነት አገሩ መግባት የሚፈልግ ከሆነ በዚህ አይጣላሽም። ከተጣላሽ ደግሞ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ የምናወራው ስለ ቤት አይሆንም።

ያንን ፎጣ ደግሞ ዛሬውኑ ከአላርሙ ላይ ፍቺው። ቡናሽን መስኮት ከፍተሽ ቁዪ።